ለጠፋ ሰው ፍለጋ አስቀድሞ የሚጠየቀው ማን ነው?

አባቶቻችን «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ሲሉ የተረቱት ስለ እርሻ ብቻ አይደለም። የአንድ አገር ችግር የሚቃናው በዚያው አገር ዕውቀት ነው ማለታቸው ነው። ይህን ተረት በሸንጎም፥ በሽምግልናም፥ በገበያም ስንሰማው ኖረናል። ዛሬ ግን ተረቱን የምናነሣው ብዙ ሰው ባላሰበበት ጉዳይ ላይ ነው። ይኸውም ሰው በዱር፥ በበረሓ ወይም በገደላማ አገር ጠፍቶ በሚፈለግበት ጊዜ አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው ማን ነው? የሚለው ጥያቄ ነው።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የሰው ሕይወት የተንጠለጠለበት ነው። ሰው በጠፋ ጊዜ የሚቈጠረው ቀን ሳይሆን ሰዓት ነው። ውሃ ያጣ ሰው ከጥቂት ቀን በላይ አይቈይም፤ ዝናብ ደብድቦት ብርድ የያዘው ሰው ደግሞ አንዲቱን ሌሊት እንኳ ላያልፋት ይችላል። ዱካውም ቢሆን ተመልካቹን አይጠብቅም፤ ነፋስ ይሸፍነዋል፥ ዝናብ ያጥበዋል፥ ከብት ይረግጠዋል፤ ይባስ ብሎም ሊፈልጉት የወጡት ሰዎች ራሳቸው ይደመስሱታል። ስለዚህ በመጀመሪያዪቱ ሰዓት የተሠራ ስሕተት በአሥረኛው ቀን በሚጨመር ብዙ ሰው አይካስም።

በዚህች በመጀመሪያዪቱ ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ የሚደረገው ምንድን ነው? ወሬው ለሹሙ ይደርሳል፤ ሹሙም ለበላዩ ያመለክታል፤ ካርታ ይዘረጋል፤ ፖሊስና ወታደር ይጠራል፤ ሄሊኮፕተር፥ በዛሬው ዘመንም ድሮን የሚገኝ እንደ ሆነ ይጠየቃል። ይህ ሁሉ መልካም ነው፥ አንነቅፈውም። ነገር ግን በዚያው ስፍራ በየቀኑ ከብቱን የሚያሰማራው እረኛ፥ ማር ቈራጩ፥ እንጨት ለቃሚዋ፥ ሌሊት ተነሥቶ ጫካውን እያቋረጠ ገበያ የሚወርደው ነጋዴ ዳር ቆመው ይመለከታሉ፤ ወይም «መንገድ ልቀቁ» ይባላሉ። እኛ የምንለው ይህ ቅደም ተከተል ተገልብጧል ነው። ምድሩን የሚያውቅ ሰው በመጀመሪያ ይጠየቅ፤ በአክብሮት ይሰማ፤ ቃሉም ተጽፎ ይመርመር፤ መሣሪያውና ጭፍራው ከዚያ በኋላ ይሰማራ እንላለን።

ለዚህ አሳባችን ማስረጃ የሚሆኑ ሦስት ታሪኮችን ከሦስት ክፍላተ ዓለም እናቀርባለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። በመጀመሪያው ታሪክ አገሬው የተጠየቀው በመጨረሻ ነው። በሁለተኛው ተናግሮ አልታመነም። በሦስተኛው ግን ከወታደሩ ጋር ተሰልፎ ፈለገ። አንባቢዎቻችን ሦስቱን አስተያይተው ራሳቸው እንዲፈርዱ እንወዳለን።

የመጀመሪያው ታሪክ በአውስትራልያ፥ በቪክቶሪያ ግዛት፥ ዊሜራ በተባለው አገር የተፈጸመ ነው። በ1864 ዓ.ም. በኦገስት ወር አንድ የ9 ዓመት ልጅ፥ የ7 ዓመት እኅቱና ገና ሕፃን የነበረው ታናሽ ወንድማቸው ለመጥረጊያ የሚሆን ቅጠል ሊለቅሙ ከቤታቸው ወጡ። ቁጥቋጦው ሁሉ አንድ እየመሰለ መመለሻው ጠፋባቸው። ወላጆቻቸውና ጎረቤቶቻቸው በእግርም በፈረስም ወጥተው በየቀኑ ፈለጓቸው። አንዳንድ ጊዜ ዱካ ያገኛሉ፤ መልሶ ይጠፋባቸዋል፤ በመካከሉም ዝናብ ጥሎ ያንኑ ዱካ አጠበው። የፈላጊዎቹ ትጋትም ሆነ ቍጥር የሚታማ አልነበረም። የጐደላቸው ምድሩን ማንበብ ነበር።

ሳምንት ካለፈ በኋላ የአገሩ ጥንታውያን ነዋሪዎች የሆኑ ሦስት ዱካ ተከታዮች ተጠሩ። ከእነርሱ አንዱ የወትጆባሉክ ነገድ ሰው ጁንጉንጂናኑኬ ነበር፤ ነጮቹ ሰፋሪዎች «ዲክ ኤ ዲክ» እያሉ ይጠሩት ነበር። ሰዎቹ ከደረሱ በኋላ ብዙ ሳይቈይ ልጆቹ በጠፉ በዘጠነኛው ቀን ሦስቱም በሕይወት ተገኙ። ረኃብና ብርድ አድክሟቸው ተቃቅፈው ተኝተው ነበር፤ እኅቲቱም የራሷን ቀሚስ አውልቃ ትንሹን ወንድሟን ሸፍናበት ነበር። የተጓዙት መንገድ ሲለካ ወደ 100 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሆኖ ተገኘ።

ፈረሰኞቹ በሳምንት ያላገኙትን እነዚህ ሦስት ሰዎች እንዴት በአጭር ጊዜ አገኙት? አስማት አልነበረም። ፈረሰኞቹ ይፈልጉ የነበሩት ልጆቹን ነው፤ ዱካ ተከታዮቹ ግን ይፈልጉ የነበሩት ልጆቹ በምድሩ ላይ የተዉትን ምልክት ነው። የተሰበረች ጭራሮ፥ የተኛ ሣር፥ እርጥቡ ጎኗ ወደ ላይ የተገለበጠች ጠጠር፥ ተረከዙ የሚጎተት ትንሽ እግር፤ ይህ ሁሉ ለእነርሱ እንደ ፊደል ነበር። ፊደሉን ለመለየት ደግሞ ምድሩ ሳይነካ ምን እንደሚመስል አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ይህን የሚያውቅ ሰው በዚያ ምድር ያደገ ነው። እንግዳው ሁሉም ነገር አዲስ ስለሚሆንበት አዲሱን ከነባሩ መለየት አይችልም።

ከዚህ ላይ አንድ የሚያሳዝን ነገር አለ። የእኅቲቱ ጀግንነት በቪክቶሪያ ትምህርት ቤቶች የንባብ መጽሐፍ ውስጥ ገብቶ ትውልድ ተማረበት፤ ሠዓሊም ሣለው። ይህ የሚገባት ምስጋና ነው። ዱካ ተከታዮቹ ግን በዚያ መጠን አልተዘከሩም። ጁንጉንጂናኑኬ በ1868 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ አገር በሄደው የአገሬው ተወላጆች የክሪኬት ቡድን ውስጥ ተጫውቶ ተደንቋል፤ ሆኖም ስሙን ያተረፈለት በአመዛኙ የሜዳ ጨዋታው እንጂ ያዳናቸው ሕፃናት አልነበሩም። በዚያው ዘመን ነገዱ ከአባቶቹ ምድር በበግ አርቢዎች እየተገፋ ነበር። ምድሩን የወሰዱት ሰዎች ልጆቻቸው በዚያው ምድር ላይ ሲጠፉባቸው የባለ ምድሩን ዕውቀት ለመኑ፤ የለመኑትም ሳምንት ካለፈ በኋላ ነው። ዝናቡ አንድ ሌሊት ቢከብድ ኖሮ ጥሪው ለሬሳ ፍለጋ በሆነ ነበር።

ሁለተኛው ታሪክ ከአውስትራልያ ቁጥቋጦ ወደ ሰሜን ዋልታ በረዶ ይወስደናል። በ1845 ዓ.ም. ሰር ጆን ፍራንክሊን የተባለው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኰንን «ኤሬበስ» እና «ቴረር» የተባሉ ሁለት መርከቦች ይዞ፥ በካናዳ ሰሜን በኩል ከአትላንቲክ ወደ ፓሲፊክ ውቅያኖስ የሚያሻግረውን የባሕር መንገድ ሊፈልግ ተነሣ። መርከቦቹ በዘመኑ ከነበሩት ሁሉ በተሻለ መሣሪያ የተሟሉ ነበሩ። ከሄዱት 129 ሰዎች አንድ እንኳ አልተመለሰም።

የእንግሊዝ መንግሥት ብዙ መርከብና ብዙ ገንዘብ አውጥቶ አስፈለገ። ነገር ግን የጠፉት ሰዎች የደረሰባቸውን በመጀመሪያ ያወቀው በትልልቅ መርከብ የሄደ ሹም ሳይሆን ጆን ሬይ የተባለ የሕክምና ሰው ነው። ሬይ የበረዶ ቤት መሥራትን፥ ማደንንና በትንሽ ስንቅ መጓዝን ከአገሬው ከኢኑዊት ሕዝብ ተምሮ ነበር። በ1854 ዓ.ም. ኢኑዊቶች ለሬይ ነገሩት፤ ወደ 40 የሚሆኑ ነጮች በደቡብ አቅጣጫ ጀልባ እየጐተቱ ሲሄዱ ታይተዋል፤ በኋላም በረኃብ አልቀዋል፤ የመጨረሻዎቹም ከረኃብ ጽናት የተነሣ የሞቱትን ጓደኞቻቸውን ሥጋ እስከ መብላት ደርሰዋል አሉት። የመኰንኖቹ ምልክት ያለባቸውን የብር ማንኪያዎችና ሹካዎችም ሸጡለት።

ሬይ የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ለመንግሥት አስታወቀ። ሎንዶን ግን ተቈጣች። ስመ ጥሩው ደራሲ ቻርልስ ዲከንስ በሚያሳትመው ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ፥ የኢኑዊቶች ቃል ሊታመን የማይገባው ነው ሲል ጻፈ። የተከበሩ የባሕር ኃይል ሰዎች እንዲህ ያለ ነገር አያደርጉም፤ ስለዚህ ነጋሪው ሐሰተኛ ነው ተባለ። ልብ አድርጉ፤ ቃሉ ተመርምሮ አይደለም የተጣለው፤ ቃሉን የተናገረው ማን እንደ ሆነ ታይቶ ነው የተጣለው። ሬይም ምስክሮቹን እስከ መጨረሻው ስለ ደገፈ እንደ ሌሎቹ አሳሾች አልተከበረም።

ጊዜ ግን ፈረደ። በ1997 ዓ.ም. የታተመ የአጥንት ምርመራ በሟቾቹ አጥንት ላይ የቢላዋ ምልክት መኖሩን አረጋገጠ። ከሁለቱ መርከቦች አንደኛዪቱ ኢኑዊቶች ኡትጁሊክ በሚሉት ስፍራ እንደ ሰጠመች ከአባት ወደ ልጅ ሲነገር ኖሮ ነበር፤ «ኤሬበስ» በ2014 ዓ.ም. በሴፕቴምበር ወር በዚያው አቅጣጫ ባሕር ውስጥ ተገኘች። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ሳሚ ኮግቪክ የተባለ የጆአ ሄቨን ኢኑዊት፥ ከጥቂት ዓመታት በፊት በአደን ጕዞ ላይ ሳለ ከበረዶው ብቅ ያለ የመርከብ ምሰሶ የሚመስል እንጨት ማየቱን ለፈላጊዎቹ ነገራቸው፤ ፈላጊዎቹም ወደ ጠቈማቸው ወሽመጥ ቢሄዱ «ቴረር»ን አገኟት። ከሬይ ሪፖርት እስከ መጀመሪያዪቱ መርከብ መገኘት 160 ዓመት አለፈ። ይህ ሁሉ ዓመት ያለፈው መሣሪያ ስለ ታጣ ብቻ አልነበረም፤ የአገሬው ቃል እንደ ማስረጃ ሳይሆን እንደ ተረት ስለ ተቈጠረም ነው።

ሦስተኛው ታሪክ ቅርብ ነው፤ አንባቢዎቻችንም ያስታውሱታል። በ2023 ዓ.ም. በሜይ 1 ቀን ሰባት ሰዎች የያዘች ትንሽ አውሮፕላን በኮሎምቢያ በአማዞን ጫካ ውስጥ ወደቀች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስብርባሪዋ ሲገኝ የሦስቱ ትልልቅ ሰዎች ሬሳ በውስጧ ነበር፤ አራቱ ሕፃናት ግን አልነበሩም። ከሁሉ ትልቋ 13 ዓመቷ ነበር፤ ትንሹ ገና አንድ ዓመት ያልሞላው ጨቅላ ነበር። ሕፃናቱ በአውሮፕላኑ አጠገብ ቈይተው ወደ ጫካው ገብተዋል ማለት ነው።

የጫካውን ነገር ለመረዳት እንዲህ ብለን እናስብ። ዛፉ ከመጥለቅለቁ የተነሣ ሰው ከ20 ሜትር ያህል ወዲያ አያይም፤ ዝናቡ ሲጀምር ለብዙ ሰዓት አያባራም፤ ከሰማይ ቢመለከቱት አረንጓዴ ባሕር ነው። የኮሎምቢያ ጦር ሠራዊት ምርጥ ወታደሮቹን፥ ሄሊኮፕተሩንና ፈላጊ ውሾቹን አሰማራ። ከዚህም ጋር ሁለት ብልሃት ያለበት ነገር አደረገ። አንደኛው፥ የሕፃናቱ አያት በራሳቸው በሑይቶቶ ቋንቋ «ከቆማችሁበት አትንቀሳቀሱ፥ እየፈለግናችሁ ነው» ብለው የተናገሩትን በድምፅ ቀርጾ ከሄሊኮፕተር ላይ በድምፅ ማጕያ አሰማ። ሁለተኛውና ትልቁ፥ የጫካውን ተወላጆች ጠርቶ ከወታደሮቹ ጋር አንድ ላይ እንዲሰለፉ አደረገ። በዚያ አገር በነበረው የብዙ ዐሥር ዓመታት የእርስ በርስ ጦርነት ምክንያት ወታደሩና የጫካው ሕዝብ አይተማመኑም ነበር፤ አብረው መሰለፋቸው ራሱ ትልቅ ነገር ነበር።

ወታደሩ አቅጣጫ በሳተላይት ይለካል፥ የተፈለገውንና ያልተፈለገውን ስፍራ በካርታ ላይ ይመዘግባል፥ ስንቅና መድኃኒት ያደርሳል። አገሬው ደግሞ የተነከሰ ፍሬ ሲያገኝ ሰው ነው ወይስ ዝንጀሮ የነከሰው ብሎ ይለያል፤ የትኛው ፍሬ በየትኛው ወር እንደሚበላ፥ ልጅ ውሃ ፍለጋ ወዴት እንደሚወርድ ያውቃል። በ40ኛው ቀን፥ በጁን 9፥ ሕፃናቱን ያገኟቸው ከአገሬው ፈላጊዎች ወገን የሆኑት ናቸው። አራቱም በሕይወት ነበሩ። የተገኙት አውሮፕላኑ ከወደቀበት ስፍራ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ነው፤ ፍለጋውን የመራው ጄኔራል ፔድሮ ሳንቼዝም ፈላጊዎች ከዚያ በፊት በጣም ቀርበዋቸው ሳያዩአቸው እንዳለፉ ተናግሯል።

ሕፃናቱስ ይህን ያህል ቀን እንዴት ኖሩ? ከአውሮፕላኑ ያገኙትን የካሳቫ ዱቄት ቈጥበው በሉ፤ ዱቄቱ ሲያልቅ ትልቋ ልጅ የሚበላውን የጫካ ፍሬ ከማይበላው እየለየች መገበቻቸው። ይህን ያወቀችው ከቤተ ሰቧ ነው። እንግዲህ በዚህ ታሪክ ውስጥ የአገር ዕውቀት ሁለት ጊዜ ሠርቷል፤ አንድ ጊዜ በፈላጊዎቹ ዓይን፥ አንድ ጊዜ በጠፋችው ልጅ እጅ።

አንዳንድ ተማሪ «ይህ የጥንት ነገር ነው፤ ዛሬ ሳይንስ አለ» ይል ይሆናል። እኛም ሳይንስ አይናቅ እንላለን፤ ሳይንሱ ራሱ ግን ምን እንደሚል እንመልከት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ባሕር ኃይል የጠላትን ሰርጓጅ መርከብ ለመፈለግ የሒሳብ ሊቃውንትን አሠርቶ ነበር፤ ከእነርሱ አንዱ በርናርድ ኩፕማን የፍለጋን ሒሳብ መሠረት ጣለ። የጠፋ ሰው በሚፈለግበት ጊዜ ዛሬ የሚሠራበት ዘዴ ከዚህ ጋር ይዛመዳል። አገሩ በካርታ ላይ እንደ ገበጣ ጕድጓድ በክፍል በክፍል ይለያል፤ ለእያንዳንዱም ክፍል ሰውየው በዚያ የመገኘቱ ግምት ይሰጠዋል፤ ተፈልጎ የታጣበት ክፍል ግምት ሲቀነስ የሌሎቹ ይጨምራል። ሰውና መሣሪያም እንደ ግምቱ ይደለደላል።

ነገር ግን የመጀመሪያውን ግምት የሚሰጠው ማን ነው? ሒሳቡ ራሱ አይሰጠውም። በካርታው ላይ ሁለት መንገዶች እኩል መስለው ይታያሉ፤ አገሬው ግን አንደኛው ክረምት ሲገባ በጎርፍ እንደሚቋረጥ፥ ሁለተኛው እንግዳውን አሳስቶ ወደ ገደል አፋፍ እንደሚያወርደው ያውቃል። ካርታው ወንዝ ያሳያል፤ የቱ ጋ መሻገሪያ እንዳለው፥ የትኛው መሻገሪያ በዚህ ሳምንት እንደሞላ አያሳይም። ስለዚህ የአገሬውን ቃል ሳይሰማ ሒሳብ የሚሠራ ሰው፥ ሒሳቡ ቢስተካከል እንኳ የሚጀምረው ከተሳሳተ ቍጥር ነው።

የሆነ ሆኖ አገሬው የተናገረው ሁሉ እውነት ነው ማለታችን አይደለም። ወሬ በገጠርም በከተማም ይሳሳታል። በዚያው በኮሎምቢያ ፍለጋ መካከል፥ በሜይ 17 ቀን 2023 ዓ.ም.፥ ፕሬዚዳንት ጉስታቮ ፔትሮ ሕፃናቱ ተገኝተዋል ብለው ለዓለም አስታወቁ፤ በማግስቱ ግን ወሬው ሊረጋገጥ ባለመቻሉ ቃላቸውን አነሡ። ከጫካው በኩል በአፍ የመጣ፥ በዓይን ያልታየ ወሬ ነበር። እንግዲህ ማክበር ማለት ሳይመረምሩ መቀበል ማለት አይደለም። «ማን አየ? መቼ አየ? በዓይኑ አየ ወይስ ሰማ?» ብሎ መጠየቅ ተናጋሪውን መድፈር አይደለም፤ ይልቁንም ቃሉን እንደ ምስክር ቃል ማክበር ነው። ዲከንስ የበደለው ስለ ጠየቀ ሳይሆን ሳይጠይቅ ስለ ፈረደ ነው።

መጠየቅና ማስገደድም የተለያዩ ናቸው። በአገራችን በቀድሞ ዘመን አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ የሚባል ሥርዐት እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ወንጀል በተሠራ ጊዜ የአገሩ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ያየውንና የሰማውን እንዲያወጣ ይደረግ ነበር። ሥርዐቱ አንድ ትልቅ እውነት ተረድቶ ነበር፤ ይኸውም በአንድ ሰፈር የሆነውን ነገር ከሰፈሩ ሰው የበለጠ የሚያውቅ የለም የሚለው ነው። ነገር ግን ሰውን ከሥራው አስተጓጕሎ የሚያቈይና በፍርሃት ላይ የተመሠረተም ነበር። ፍርሃት ያለበት ሰው የሚያውቀውን ሁሉ አይናገርም፤ ሹሙ የሚወደውን ይናገራል። ለጠፋ ሰው ፍለጋ የሚያስፈልገን የአፈርሳታን ዕውቀት ያለ አፈርሳታ ፍርሃት ነው።

ይህን ጽሑፍ በተለይ ለተማሪዎችና ለወጣት ሹማምንት የምናቀርበው ያለ ምክንያት አይደለም። ከተማ ተወልዶ፥ በከተማ ተምሮ፥ ባልረገጠው ወረዳ ሥራ ላይ የሚመደበው ወጣት ብዙ ነው። ቢሮው ውስጥ ካርታ አለ፤ በስልኩም የዓለም ካርታ ሁሉ አለ። ይሁን እንጂ ስልኩ የመገናኛ መሥመር በሌለበት ሸለቆ ውስጥ ዝም ይላል። በካርታ ላይ የተጻፈውም ስም ሁልጊዜ አገሬው የሚጠራው ስም አይደለም፤ አንድ ጋራ በሁለት ቋንቋ ሁለት ስም ሊኖረው ይችላል። ጥሻውን ከጫካው፥ አፋፉን ከተረተሩ፥ ቦረቦሩን ከሸለቆው የማይለይ ሹም «ከተረተሩ ሥር ወርዶ አየሁት» የሚለውን የእረኛ ቃል ቢሰማ እንኳ ሰዎቹን ወዴት እንደሚልካቸው አያውቅም። ቃሉ ተነግሮታል፤ አልተነገረውም።

ስለዚህ ወጣቱ ሹም ሰው እስኪጠፋ ሳይጠብቅ የሚያደርገው ነገር አለ። ወረዳውን በእግሩ ይይ፤ የጋራውን፥ የወንዙን፥ የመሻገሪያውንና የምንጩን ስም አገሬው በሚጠራው አጠራር ይጻፍ። በየቀበሌው ምድሩን ጠንቅቀው የሚያውቁት እነማን እንደ ሆኑ ይወቅ፤ ቆላውን የሚያውቀው ሌላ፥ ደጋውን የሚያውቀው ሌላ ነውና ሁሉንም ከአንድ ሰው አይጠብቅ። ከዚህ ቀደም እንግዳ የሚሳሳትባቸው የመንገድ መለያያዎች፥ ከብትም ሰውም የወደቀባቸው ገደሎች የት የት እንዳሉ ጠይቆ ይመዝግብ። ይህ ወጪው ደብተርና እርሳስ ብቻ ነው።

ሰው የጠፋ ዕለት ደግሞ ሰውየው በመጨረሻ ወደ ታየበት ስፍራ ብዙ ሕዝብ እንዳይጎርፍ ይከልክል፤ ዱካውን አስቀድሞ ዱካ የሚያውቅ ሰው ይየው። ሽማግሌውን «አባቴ፥ እርስዎ ቢሆኑ ከዚህ ወዴት ይሄዱ ነበር?» ብሎ ይጠይቅ፤ እናቶችን አይርሳ፤ ውሃ የሚቀዱትና እንጨት የሚለቅሙት እነርሱ ናቸው። እረኛውን ልጅ «ልጅ ነው» ብሎ አይለፈው፤ በዚያ ጥሻ ውስጥ የሚውለው ሹሙ አይደለም፥ ልጁ ነው። የሰማውን ሁሉ ከነተናጋሪው ስም ይጻፍ። ለሥራው የሚወጣ መንገድ መሪም ከማሳው ቀርቶ ነውና የቀን ዋጋው ይታሰብለት። የጠፋውም ሲገኝ በሪፖርቱ ላይ የአግኚው ስም ይግባ። «በአካባቢው ኅብረተሰብ ትብብር» ብሎ ማለፍ የጁንጉንጂናኑኬን ስም ከንባብ መጽሐፍ እንደ ማስቀረት ያለ ነው።

ለተማሪዎችም አንድ ቃል አለን። ይህ ዕውቀት በመጽሐፍ አልተጻፈም፤ በሰው ራስ ውስጥ ያለ ነው፤ ባለቤቱ ሲሞት አብሮ ይቀበራል። የገጠሩ ልጅ ትምህርት ቤት መግባቱ ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ነገር ግን ትምህርት ቤት ሲገባ ከአባቱና ከእናቱ ይማረው የነበረው የምድር ትምህርት ይቀራል። ሁለቱንም ለማትረፍ የሚችለው ያው ተማሪ ነው። ለዕረፍት ወደ ወላጆቹ ሲመለስ የአያቱን የቦታ ስሞች፥ የፍሬና የቅጠል ዕውቀት፥ የዝናብና የጎርፍ ምልክት ጽፎ ቢያስቀር፥ ከትምህርት ቤት ያመጣውን ፊደል ለአገሩ መልሶ ከፈለ ማለት ነው። የአማዞኗ ልጅ ያስተማሯትን ባትሰማ ኖሮ ታናናሾቿን ምን ትመግባቸው ነበር?

በዊሜራ አገሬው ዘግይቶ ተጠራ፤ ሦስት ሕፃናት ለጥቂት ተረፉ። በዋልታው በረዶ ቃሉ ተናቀ፤ እውነቱ 160 ዓመት ተቀበረ። በአማዞን ካርታ የያዘውና ምድሩን የሚያውቀው አብረው ሄዱ፤ አራት ሕፃናት ወደ ወገናቸው ተመለሱ። ሰው በየአገሩ፥ በየዘመኑ ይጠፋል፤ ነገም ከአንዱ ወረዳ ከአንዱ ጋራ ማዶ መጥፋቱ አይቀርም። ያን ዕለት ወሬው የሚደርሰው ምናልባት ይህን ጽሑፍ ከሚያነብቡት ወጣቶች ለአንዱ ነው። የስልኩን እጀታ ከማንሣቱ በፊት ከቢሮው ደጃፍ ብቅ ብሎ፥ አጥሩን ተደግፎ ወደቆመው እረኛ ይመልከት፤ ከዚያ ይጀምር።